የልጆች መጻሕፍት የመጀመሪያ እትምና የሰብሳቢው ሚዛን

በአውሮፓና በአሜሪካ ስማቸው የገነነ የልጆች ደራስያን የጻፏቸውን መጻሕፍት የመጀመሪያ እትም እየፈለጉ መግዛት፣ ደራስያኑ በእጃቸው ጽፈው የፈረሙባቸውንም ደብዳቤዎች ማከማቸት የቆየ ልማድ ነው። በዚህ የሚተዳደሩ ነጋዴዎች፣ ዋጋውን የሚያወጡ የጨረታ ቤቶች፣ የተገኘውንም የሚያስቀምጡ ቤተ መጻሕፍት አሉ። በእኛ አገር ነገሩ ገና ጀማሪ ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ «የመጀመሪያ እትም ነው» የሚለውን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ልማዱ ሥር ሳይሰድ ሚዛኑን መመርመር የሚገባ ይመስለኛል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ከውጭ የምንቀበለው ሚዛን ንጹሕ የሆነውን፣ ያልተጻፈበትንና ያልተነካውን መጽሐፍ ከሁሉ በላይ ያደርጋል። የልጅ መጽሐፍ ታሪኩ የሚገኘው ግን ልጅ በነካው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን እንዳለ ብንወስደው የቀረንን ጥቂት ማስረጃ በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝ በአጅባር፣ በአያቴ ቤት ያለ አንድ መጽሐፍ ነው። የክቡር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከግብር ደረሰኝ ጋር ተቀምጦ ይኖራል። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም፤ በዚህም ምክንያት ስንተኛ እትም እንደሆነ ለማወቅ አይቻልም። በቀሩት ገጾች ላይ የአራት ልጆች ስም ተጽፏል። ታላቁ አጎቴ በብዕርና በቀለም «5ኛ ክፍል 1957 ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል። አክስቴ በእርሳስ ስሟንና 1965 ዓ.ም.ን አስፍራለች። እናቴ በ1979 ዓ.ም. በእስክሪብቶ ጽፋለች። የመጨረሻው የእኔ ስም ነው፤ 2006 ዓ.ም. ይላል። በአንዱ ተረት ኅዳግ ላይ ከእኛ አንዱ፣ ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ «ውሸት ነው» ብሎ ጽፎበታል።

እነዚህን ዓመተ ምሕረቶች የሚያይ ሰው ወሎን የሚያውቅ ከሆነ ዝም ብሎ አያልፋቸውም። አክስቴ ስሟን የጻፈችበት 1965 ዓ.ም. ወሎ የተራበበት ዘመን ነው። ከእሷ በኋላ እናቴ እስክትጽፍ ድረስ አሥራ አራት ዓመት አልፏል፤ በመካከሉም የ1977 ዓ.ም. ረኃብ አለ። መጽሐፉ በነዚያ ዓመታት ለምን እንዳልተጻፈበት አያቴን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ማን ነበረ የሚማር፤» የሚል ብቻ ነበር። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ያለው የእርሳስና የቀለም ምልክት የአንድ ቤት የትምህርት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን መጽሐፍ በአዲስ አበባ ለአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነገርኩት። «የተጻፈበት ከሆነ ዋጋ የለውም» አለኝ። ይህን ሲለኝ በእጁ ሌላ የልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ ይዞ በመጀመሪያው ገጽ የሰፈረውን የልጅ ስም በላጲስ እየፋቀ ነበር። ለምን እንደሚፍቀው ብጠይቀው፣ ገዢ ንጹሕ እንደሚፈልግ አስረዳኝ። ሰውዬው ክፉ አላደረገም፤ ገበያው የጠየቀውን ፈጸመ እንጂ። ነገር ግን ከላጲሱ ፍርፋሪ ጋር የወደቀው ምን እንደሆነ ማሰብ የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህ የንጽሕና ሚዛን ከተወለደበት አገር ታሪክ ጋር ራሱ የሚጣላ መሆኑ ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌ ላቅርብ።

የመጀመሪያው የሉዊስ ካሮል «አሊስ» ነው። ደራሲው ቻርልስ ዶጅሰን የሚባል የኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ሲሆን፣ ተረቱን እ.ኤ.አ. በ1862 በጀልባ ሽርሽር ላይ ለሦስት ሕፃናት እኅትማማቾች በቃል ነገራቸው። ከነሱ አንዷ አሊስ ሊድል እንዲጽፍላት ስለ ለመነችው፣ በእጁ ጽፎና ሥዕል ሥሎ በ1864 ሰጣት። በ1865 መጽሐፉ በ2,000 ቅጂ ሲታተም ሠዓሊው ጆን ቴኒየል የሥዕሎቹ አወጣጥ ተበላሽቷል ብሎ ተቃወመ፤ ደራሲውም እትሙን አስቀረው። ለወዳጆቹ ሰጥቷቸው የነበሩትንም አስመልሶ በሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት እንዲሰጡ አደረገ። ዛሬ ከዚያ እትም በዓለም ላይ የሚታወቁት ሃያ ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ከልጆች መጻሕፍት ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ፣ ተበላሸ ተብሎ ለታመሙ ልጆች የተጣለ መጽሐፍ ነው። ሰብሳቢው ግን ከነዚያ ሕፃናት ጣት ያመለጠውን እንጂ ሕፃናቱ ገልጠው የጨረሱትን አይፈልግም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ደብዳቤ ነው። ቢያትሪክስ ፖተር የምትባለው እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1893 ኖኤል ሙር ለሚባል የታመመ ሕፃን በሥዕል የተሞላ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በደብዳቤውም ስለ አንድ ጥንቸል ተረከችለት። ከዓመታት በኋላ ያን ደብዳቤ መጽሐፍ ለማድረግ ስታስብ ደብዳቤውን ከልጁ ተዋሰችው። አሳታሚዎች ባይቀበሏት በታኅሣሥ 1901 በራስዋ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። በዓመቱ አንድ አሳታሚ ተቀብሎ አወጣው፤ መጽሐፉም በዓለም ሁሉ ታወቀ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ሰብሳቢ ማን ነው፤ ባለጠጋ ነጋዴ አይደለም፤ ደብዳቤውን ሰባት ዓመት ያህል ሳይጥል ያቆየው ልጅ ነው። ከልጁ ሳጥን ባይገኝ ኖሮ መጽሐፉ ላይታተም ይችል ነበር። ስለዚህ የደራሲን ፊርማ ብቻ እየነጠሉ የሚገዙ ሰዎች የነገሩን ግማሽ ይዘዋል፤ ሌላው ግማሽ ደብዳቤውን የተቀበለውና ያኖረው ሰው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፉ ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ መልሱ የፊደል ገበታ ነው። ከፊደልና ከአቡጊዳ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይነበባል፤ ከዚያ ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደገማል። ልብ ብለን እንየው፤ የቤተ ክህነት ተማሪ ከፊደል ወጥቶ በመጀመሪያ የሚያነበው ደብዳቤ ነው። በወሎ እስላም ቤት ደግሞ ልጁ ቁርአን የሚማረው በሉሕ ላይ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሉሑ ይታጠባል፤ ሌላ ይጻፍበታል። የታጠበ ሉሕ የመጀመሪያ እትም የለውም። ሰብሳቢ ቢመጣ የሚያገኘው እንጨቱን ብቻ ነው። የፊደል ገበታም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ያልቃል። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማተሚያ ቤት ያወጣቸው የፊደል ገበታዎች ያልደረሱበት የአማራ አገር የለም ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከየቤታችን የጥንቱን ፈልጎ የሚያገኝ ማን ነው፤ ብዙ የተነበበ ነገር ቶሎ ያልቃል። ያልተነበበው ይተርፋል።

ታትመው ከወጡት መጻሕፍት መካከል ቀደም ያሉትን ጥቂት እንጥቀስ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በሞንኩሎ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ለኦሮሞ ልጆች የማንበቢያ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አሳትመዋል። አስቴር ጋኖ ከቃል የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች የዚያ መጽሐፍ ሀብት ናቸው። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩ ስሆን፣ ይህን መጽሐፍ በስሙ እንኳ ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። እኒሁ ሰው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቆጥረው በዝርዝር አሳትመዋል፤ ለልጅ የጻፈውና መጽሐፍ የቆጠረው እጅ አንድ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። ከዚያም በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት ክቡር ከበደ ሚካኤል መጡ። በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማሩ ስለ ነበሩ የላ ፎንቴንን መንገድ ያውቁ ነበር፤ ላ ፎንቴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1668 የመጀመሪያ ተረቶቹን ያበረከተው ለስድስት ዓመቱ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ነው። የእኛው ደራሲ ተረት ግን በሦስት መጽሐፍ ወጥቶ ለልዑል ብቻ ሳይሆን በየአውራጃው ላለ ተማሪ ሁሉ ደረሰ። የአጎቴ ቅጂ አጅባር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት በውጭው ሚዛን ስንመዝን ሦስት ስሕተት እናያለን።

አንደኛው የዘመን ስሕተት ነው። በሽፋኑ 1934 የሚል መጽሐፍ በውጭ አገር ነጋዴ ዝርዝር ውስጥ እንዲሁ 1934 ተብሎ ቢገባ፣ መጽሐፉ ጠላት ከመምጣቱ በፊት የታተመ ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር ግን 1934 ዓ.ም. የገባው ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው። ከወረራ በፊት የወጣ የልጆች መጽሐፍና ከነፃነት ማግስት የወጣ የልጆች መጽሐፍ ለልጁ የሚናገሩት አንድ አይደለም። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በዋጋ ዝርዝር ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ በታሪክ ላይ ግን ጦርነቱን በሙሉ ትዘላለች።

ሁለተኛው የፊርማ ስሕተት ነው። በቀድሞው ልማዳችን ደብዳቤ የሚጽፈው ጸሐፊ ሲሆን፣ የባለቤቱን ማንነት የሚያረጋግጠው ማኅተም ነው። ስለዚህ «በእጅ የተጻፈ» ማለትና «የራሱ ቃል» ማለት አይገናኙም። ፊርማን ብቻ የሚፈልግ ሰብሳቢ ማኅተሙን፣ የጸሐፊውን እጅ፣ የተላከበትንም ሰው ሳይመለከት ያልፋል።

ሦስተኛው ስለ መጀመሪያነት ያለው ስሕተት ነው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1950 በኒው ዮርክ አሳትመዋል። የመጽሐፉም ስም በሩቅ ተራራ ላይ የሚነደውን እሳት እያየ ሌሊቱን በብርድ ስለ ቆመው ሰው ከሚተርከው የተወሰደ ነው። መጽሐፉ መልካም ነው፤ የመጀመሪያ እትሙንም የሚፈልጉ አሉ። ነገር ግን ያን ተረት በእሳት ዳር ከአያቱ የሰማ የደጋ ልጅ፣ የመጀመሪያው እትም በኒው ዮርክ ታተመ ቢሉት ይስቃል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ እትም ማለት ከወረቀቱ ጋር የተነገረበትን ቦታ፣ የተናገረውንም ሰው መመዝገብን ይጨምራል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። «መጽሐፉን በአያትህ ሣጥን ብትተወው ምስጥና ጭስ ይበላዋል፤ ሰብሳቢ ቢወስደው ግን ይድናል» ሊለኝ ይችላል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የእኛ የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ይህንኑ ክርክር ያስነሣል፤ አጅባርም ከዚህ ክርክር ሩቅ አይደለችም። መቅደላ ከዚያው ከተንታ ምድር ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ፤ ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካከማቿቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። መጻሕፍቱ በዚያ በመልካም አያያዝ እንደሚገኙ አልክድም። አያያዝ ግን ባለቤትነትን አያስረሳም።

ይህን የምለው ከልጆች መጻሕፍት ነገር ወጥቼ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት፣ ሉዊስ ካሮል ለአሊስ በእጁ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1928 በለንደን በጨረታ ተሸጦ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዋጋው 15,400 ፓውንድ ነበር። እንግሊዞች እንደ ቅርስ ተቈጩበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ገንዘብ አዋጥተው ገዙትና የእንግሊዝ ሕዝብ በጦርነቱ ላሳየው ጽናት መታሰቢያ ይሁን ብለው በ1948 ለብሪቲሽ ሙዚየም በስጦታ መለሱት። በሕግ የተሸጠ፣ ባለቤቷ ወዳ የሸጠችው መጽሐፍ ነበረ፤ እንዲያም ሆኖ ቦታው እዚያ ነው ተብሎ ተመለሰ። ዛሬ ያ መጽሐፍና የመቅደላ መጻሕፍት በአንድ ጣራ ሥር፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። አንዱ ወደ አገሩ የተመለሰ ሲሆን ሌሎቹ ከአገራቸው የወጡ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ ስለ ጠየቁ ክብረ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1872 መመለሱን ስናስታውስ፣ መመለስ የማይቻል ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን።

እንግዲህ ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መጠበቅ ይገባል፤ ነገር ግን መጠበቅና መንጠቅ ሁለት ናቸው። ይህ ደግሞ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነው። በ1966 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ፊልሙ ሲወሰድ ብራናው ለየገዳሙና ለየደብሩ ቀርቷል። ለብራናው የተደረገው ይህ ትጋት ለታተመው የልጆች መጽሐፍ አልተደረገም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ብራና የተከበረ ነው፣ የልጅ መጽሐፍ ግን እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። በገበያ ቀን በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልጬ የልጆች ተረት ሳነብ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም።

በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። መጀመሪያ፣ የልጆች መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው በገጹ ላይ ያለውን የልጅ ጽሕፈት አይፋቅ፤ ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የተገኘበትን ስፍራ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ዓመተ ምሕረት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የደራሲ ደብዳቤ ሲገኝ የተቀበለው ሰውና ቤቱ አብሮ ይጠቀስ። አራተኛ፣ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ በየሣጥኑ ያለውን የልጆች መጽሐፍ በፎቶግራፍ አንሥተን ቅጂውን ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ብናበረክት ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። መጽሐፉ ራሱ ባለቤቱ ካልፈቀደ ከቤቱ አይውጣ።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የጻፍኩት ራሴን ከፈተንሁ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት አጅባር ሄጄ መጽሐፉን ወደ አዲስ አበባ ልውሰደው ብዬ አያቴን ለመንኋት። በእውነቱ ለማጥናት ብቻ አልነበረም፤ ምናልባት የመጀመሪያ እትም ሆኖ ቢገኝ የሚሰጠው ዋጋ በልቤ ነበረ። «አንተ አንብበኸው የለም ወይ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል፤» አለችኝ። ቀጥላም የአጎቴን የልጅ ልጅ ጠርታ ሣጥኑን አስከፈተችው። ልጁ አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር። መጽሐፉን ተቀብሎ ከበሩ አጠገብ ብርሃን ወዳለበት ሄዶ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየነካ ያነብ ጀመር። እኔም ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት እስኪጨርስ ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ እርሳስ ሰጠሁትና አምስተኛውን ስም ጻፈ።

በዚህ ጽሑፍ ጉድለት ቢገኝ መምህራንና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ፣ በየቤታቸውም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያላቸው እንዲያስታውቁን በትሕትና እለምናለሁ።